አርቱር ራምቦ፤ ቅኔውን ትቶ ነፍጥ የነገደው ፈረንሳዊ

በጅቡቲ ከተማ መካከል ከሐሙዲ መስጊድ አጠገብ አንድ ሰፊ አደባባይ ይገኛል። ይህ አደባባይ በፈረንሳዮች አገዛዝ ዘመን የራምቦ አደባባይ ተብሎ ሲጠራ የኖረ ሲሆን፤ ኋላ በአገሩ የነጻነት ታጋይ በማሕሙድ ሐርቢ ስም ተሰይሟል። አስቀድሞ ስሙን ለአደባባዩ የሰጠው ሰው ግን የጅቡቲ ነዋሪ አልነበረም። ከተማይቱ በ1888 ስትቆረቆር እርሱ በሐረር ግንብ ውስጥ መደብሩን ከፍቶ ቡናና ቆዳ ያስመዝን ነበር፤ ጠመንጃውን ከመርከብ ያወረደውና አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ግመል ሲለምን የተቀመጠው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በታጁራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነበቡት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ስለዚህ ሰው በኤውሮፓ ቋንቋዎች የተጻፈው መጽሐፍ እጅግ ብዙ ነው። የሚበዛው ግን የሚናገረው ስለ ቅኔው ሲሆን፤ ንግዱ፥ ባለቅኔው ስለምን ዝም አለ የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ያህል ብቻ እየተነካ በችኮላ ይታለፋል። ሰነድ ለሚመረምር ሹምና ዕቃ ለሚያስጭን ነጋዴ ግን የበለጠ ቁም ነገር ያለው በዚያ በሚታለፈው ክፍል ስለ ሆነ፤ እኛም የልጅነቱን ታሪክ በአጭሩ ተናግረን ወደዚያው እንሻገራለን።

አርቱር ራምቦ ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ፈረንሳይ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የእግረኛ ጦር ሻምበል ነበር፤ በአልጄርያ ሲያገለግል ዐረብኛ ተምሯል። ይህ አባት በ1860 ቤቱን ጥሎ ስለ ሄደ ልጆቹን ያሳደገች እናቲቱ ናት፤ እርስዋም የገበሬ ልጅ፥ ቁጥብና ኮስታራ፥ ፍቅርዋን በቁጣ የምትገልጽ ሴት ነበረች። ልጁ በትምህርት ቤት በላቲን ግጥም ሽልማት እየተቀበለ አደገ። ከዐሥራ አምስት ዓመቱ እስከ ሃያ ዓመቱ ባለው ጊዜ የጻፈው ቅኔ የፈረንሳይን ሥነ ጽሑፍ መንገድ የለወጠ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይመሰገናል። ከሃያ ዓመቱ በኋላ ግን ብዕሩን ለደብዳቤና ለሒሳብ ካልሆነ በቀር አላነሣውም።

ከጦር መሣሪያ ጋር መጀመሪያ የተዋወቀው በንግድ አይደለም፤ በገዛ ሥጋው ነው። በ1871 ወደ ፓሪስ ሄዶ ፖል ቬርሌን ከሚባለው ባለቅኔ ጋር ተወዳጀ፤ ሁለቱም በሎንዶንና በብራስልስ እየተዘዋወሩ፥ እየተጣሉና እየታረቁ ሁለት ዓመት ኖሩ። ጁላይ 10 ቀን 1873 ቬርሌን በብራስልስ ከሚገኝ የመሣሪያ ሱቅ በ23 ፍራንክ ባለ ስድስት ጎራሽ የሌፎሼ ሽጉጥ ገዛ፤ ጥይቱም ሰባት ሚሊሜትር የሚባለው ነው። በዚያው ዕለት ሰክሮ ሁለት ጊዜ ተኰሰ፤ አንዱ ጥይት የራምቦን ግራ እጅ ከአንጓው ላይ አቈሰለው። ቬርሌን ሁለት ዓመት እስራት ተፈርዶበት ታሰረ። ሽጉጡም ለፍርድ ከተያዘ በኋላ ወደ ሻጩ ተመለሰ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ በኖቬምበር 2016 በፓሪስ በሐራጅ ቀርቦ በ434,500 ኤውሮ ተሸጠ። ልብ ወለድ የሚመስል ዋጋ ነው። ሽጉጡ በሥራው ከሌሎች የዘመኑ የኪስ ሽጉጦች የሚበልጥበት ነገር የለም፤ ገዢው የከፈለው ለብረቱ ሳይሆን ለዚያች ዕለት ነው።

ከዚህ በኋላ ራምቦ መንከራተት ጀመረ። በ1876 በሆላንድ የቅኝ ግዛት ጦር ወታደርነት ተቀጥሮ እስከ ጃቫ ድረስ ከሄደ በኋላ ከድቶ ተመለሰ፤ በቆጵሮስ ደሴት ድንጋይ በሚፈለጥበት ስፍራ የሠራተኞች አለቃ ሆነ፤ በ1880 ክረምት ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ዓደን ደረሰ። እዚያም የቡና ነጋዴዎች የነበሩት እነ ሙሴ ባርዴ ቀጠሩት። ባለሥልጣኖቹ ትጋቱንና የቋንቋ ችሎታውን አይተው በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሐረር ላኩት። ሐረር በዚያን ጊዜ በግብጾች እጅ ነበረች፤ ግብጾች ከተማይቱን የያዙት በ1875 ሲሆን በ1885 ለቀው ወጥተዋል።

በሐረር የነበረበት የመጀመሪያው ጊዜ የትምህርት ጊዜው ነበር ማለት ይቻላል። ቡና፥ ቆዳ፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይገዛል፤ ዐረብኛና የአገሩን ቋንቋዎች ይማራል፤ ከኤውሮፓ የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ በ1883 የራሱንና የከተማይቱን ሥዕል ያነሣል። ስለ ኦጋዴን አገር ያዘጋጀው ዘገባ በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ። ያን ዘገባ የሚያነብ ሰው የቀድሞውን ባለቅኔ ፈልጎ አያገኘውም፤ የሚያገኘው የጎሣዎችን ስም፥ የወንዞችን መንገድና የዕቃውን ዓይነት በጥንቃቄ የሚመዘግብ ጸሐፊ ነው።

በኦክቶበር 1885 ራምቦ ከባርዴ ቤት ወጥቶ ፒየር ላባቱ ከሚባል ፈረንሳዊ ጋር የሽርክና ውል ተዋዋለ። ላባቱ በሸዋ ብዙ ዘመን የኖረ፥ ኢትዮጵያዊት ሚስት ያገባ፥ የንጉሥ ምኒልክን ቤተ መንግሥት በር የሚያውቅ ነጋዴ ነበር። ውሉ ከኤውሮፓ ጠመንጃ አስመጥቶ ከታጁራ በግመል ጭኖ ለሸዋው ንጉሥ ለመሸጥ ነው። ራምቦ ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ሒሳቡን በግልጽ አስቀምጦታል። ጠመንጃዎቹ የኤውሮፓ ጦር ከአርባ ዓመት በፊት የጣላቸው፥ በቆብ የሚተኮሱ አሮጌዎች ናቸው፤ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ ከአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ በሰባትና በስምንት ፍራንክ ይገዛል፤ በሸዋ ግን ወደ አርባ ፍራንክ ያወጣል። በመካከሉ ያለው ወጪ ከባድ መሆኑን ራሱ አልሸሸገም።

ይህ በቆብ የሚተኮሰው ጠመንጃ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለዛሬ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዙ በኩል ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። ከሰደፉ በላይ በምትገኝ ትንሽ ቀዳዳ ጫፍ ላይ የሚፈነዳ ቅመም ያለባት የናስ ቆብ ትደረጋለች፤ ቃታው ሲሳብ መቺው ቆቡን ይመታል፥ እሳቱም በቀዳዳው ገብቶ ባሩዱን ያነድዳል። ከዚያ በፊት ከነበረው ባልጩት ተኳሽ ይሻላል፤ ዝናብም እንደዚያ አያግደውም። ነገር ግን ከጀርባው ተከፍቶ የናስ ቀለህ ጥይት ከሚጎርሰው ከረሚንግቶን ጋር ሲወዳደር አንድ ጊዜ እስኪተኩስ ድረስ ረሚንግቶኑ ደጋግሞ ይተኩሳል። የሊዬዥ አንጥረኞች ሙያ እንግዲህ ይኸው ነበር፤ ባልጩት ተኳሹን ወደ ቆብ ተኳሽነት ይለውጣሉ፥ የዛገውን አፈሙዝ ይፍቃሉ፥ የተሰነጠቀውን እንጨት በአዲስ ይተካሉ፥ አሮጌውን አዲስ አስመስለው ወደ ባሕር ማዶ ይሰዳሉ።

በዛሬው ዘመን ነገሩ ተገልብጧል። በኢጣልያ አገር ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ በሚባለው የመሣሪያ ሠሪዎች ሸለቆ በ1959 የተቋቋመው የኡቤርቲ ፋብሪካ፥ ቬርሌን በተኰሰበት በዚያው በ1873 በአሜሪካ የወጣውን የኮልት ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አምሳያውን አዲስ አድርጎ ይሠራል። ይህ ሽጉጥ በየተኩሱ መቺውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስቦ ማቆም የሚያስፈልገው ነው። አሰባሳቢዎች ታዲያ አዲሱን አንጸባራቂ ሽጉጥ አይወዱትም፤ ያረጀ እንዲመስል ይፈልጋሉ። ፋብሪካው ራሱ ብረቱን አደብዝዞና ጠርዙን አልፎ አልፎ ፍቆ የሚሸጠው ዓይነት አለ፤ በዚህ ያልረካ ገዢ ደግሞ ሰማያዊውን ቀለም በሆምጣጤ እያስለቀቀ፥ በብረት ሱፍ እያሸ፥ የእጀታውን እንጨት በሌላ እየለወጠ እንደ ራሱ ምኞት ያስረጀዋል። የሊዬዥ አንጥረኛ አሮጌውን ለማደስ፥ የዛሬው አሰባሳቢ አዲሱን ለማስረጀት ይደክማሉ፤ ልዩነቱ ግን ለታጁራ የተላከውን የሚገዛ ሰው ሕይወቱን አደራ የሚሰጠው ለዚያ ጠመንጃ መሆኑ ነው።

ራምቦ በ1885 መጨረሻ ታጁራ ደረሰ። ታጁራ በዚያን ጊዜ ጥቂት መስጊዶችና የተምር ዛፎች ያሉባት የአፋር መንደር ነበረች፤ ፈረንሳዮች ከሱልጣኑ ጋር በ1884 የጥበቃ ውል ተዋውለው አንድ ትንሽ የዘብ ቤት አኑረው ነበር፤ የአስተዳደሩ ዋና ከተማ ግን በ1862 በውል የተገዛችው ኦቦክ ናት። የመንገዱ ጌቶች አፋሮች ናቸው። ግመል የሚያከራዩ፥ ውሃውን የሚያውቁ፥ በየጎሣው ክልል የሚያሳልፉ እነርሱ ስለ ሆኑ፤ ነጋዴው የሚከፍለው የግመሉን ኪራይ ብቻ ሳይሆን ለሱልጣኑ፥ ለሹማምንቱና ለአባጋሮቹም ጭምር ነው። የቸኰለ ሁሉ በታጁራ ይከስራል፤ ራምቦም ቸኩሎ ነበር።

ጠመንጃዎቹ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ሲሆኑ፥ ከኤውሮፓ ደርሰው ጉዞው ሊጀመር በተቃረበበት በኤፕሪል 1886 ሌላ እንቅፋት መጣ። ፈረንሳይና እንግሊዝ በዚያ የባሕር ጠረፍ የጦር መሣሪያ እንዳይገባ ተስማምተው ስለ ነበር፤ የኦቦኩ ገዢ ሙሴ ላጋርድ የመሣሪያ ቅፍለት እንዳይነሣ የሚያዝ ትእዛዝ አስተላለፉ። ሁለቱ ሸሪኮች ወደ ፓሪስ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አቤቱታ ጻፉ። የአቤቱታው አካሄድ ለጽሕፈት ቤት ሰው የሚያስደንቅ ነው፤ ዕቃው የተገዛው ከእገዳው በፊት በመንግሥት ፈቃድ መሆኑን፥ ገንዘባቸው በሙሉ በዚያ ላይ መዋሉን፥ ግመለኞቹ ቀብድ መቀበላቸውን፥ የሸዋው ንጉሥም ዕቃውን እንደሚጠብቁ በየተራ ዘርዝረው፤ እገዳው በእነርሱ ላይ ቢጸና መንግሥት ካሣ ይከፍላል ወይ ብለው እስከ መጠየቅ ደረሱ። በመጨረሻም ፈቃዱ ተሰጠ። ቅኔ ጽፎ አንድ ፍራንክ ያላተረፈ ሰው በአንድ የሹመት ቤት ማመልከቻ ሀብቱን ማትረፉ እኛን ሳያስገርመን አይቀርም።

ፈቃዱ ሲመጣ ግን የሚጓዝ ሰው ጠፋ። ላባቱ በነቀርሳ በሽታ ታሞ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ እዚያው ሞተ። ራምቦ ከእርሱ ጋር ሊተባበር ያሰበው ታዋቂው ተጓዥ ፖል ሶሌዬ በሴፕቴምበር 1886 በዓደን በድንገት ሞተ። በዚያው ዓመት ባራል የሚባለው ፈረንሳዊ ከሸዋ ሲመለስ ከነሚስቱና ከነተከታዮቹ በበረሃ ተገደለ። ራምቦ ይህን ሁሉ ሰምቶ በኦክቶበር 1886 ብቻውን ቅፍለቱን እየመራ ከታጁራ ተነሣ። ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው የአሳል የጨው ሐይቅ ዳር አልፎ፥ የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ ተሻግሮ፥ አራት ወር ያህል ተጉዞ አዋሽን ካለፈ በኋላ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1887 አንኮበር ደረሰ።

በአንኮበር የጠበቀው ንጉሡ አልነበሩም፤ የላባቱ ባለ ዕዳዎች ነበሩ። ንጉሥ ምኒልክ በጃንዋሪ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ገና አልተመለሱም ነበር። የሟቹ ሚስት የባልዋን ንብረት ትጠይቃለች፤ ገበሬው የሸጠውን፥ አገልጋዩ ደመወዙን፥ ፈረንሳዊው ያበደረውን ይጠይቃል። ራምቦ ሽርክናው በአንድ ውል ያለ ወሰን የተሠራ ስለ ነበር ከሟቹ የግል ዕዳ የሚለይበት ሰነድ አልነበረውም። ክርክሩ ወደ አንኮበሩ አዛዥ ወደ አዛዥ ወልደ ጻድቅ ቀረበ። ራምቦ የሸሪኩን ቤት አስፈትሾ አሮጌ የውስጥ ልብስና ጥቂት የጥይት ማቅለጫ እንዳገኘ፤ በቤቱም የነበሩትን ሴት ባሮች ትቶ እንደ ወጣ ኋላ ለዓደኑ የፈረንሳይ ቆንሲል በጻፈው ዘገባ ገልጿል። ላባቱ የኑሮውን ታሪክ የጻፈባቸውን በርካታ ደብተሮችም መበለቲቱ እየተራገመች በእሳት አቃጠላቸው፤ በውስጣቸው የርስት ሰነዶች ተቀላቅለው እንደ ነበር የተነገረው ከተቃጠሉ በኋላ ነው። የሟች ሸሪክን ወረቀት ሳያነቡ ማቃጠል በማንኛውም አገር ፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ሥራ ነው፤ ይህን ቁጣው እንጂ አእምሮው አላደረገውም።

ንጉሡ የግብጽ መለከት እየተነፋላቸው፥ ከሐረር የተማረኩ ሁለት የክሩፕ መድፎች እየተጎተቱ እንጦጦ ገቡ። ራምቦም ወደዚያው ወጣ። ንጉሥ ምኒልክ ዕቃውን በነጠላ ሳይሆን በጅምላ ገመቱት፤ ከግምቱም ላይ የግመል ኪራይና የላባቱን ዕዳ ቀነሱ፤ ለቀሪውም ጥሬ ብር ሳይሆን በሐረር ገዢ በደጃዝማች መኰንን፥ በኋላ ራስ በሆኑት፥ የሚከፈል የክፍያ ትእዛዝ ሰጡት። ራምቦ ካወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ መክሰሩን ለቆንሲሉ አመለከተ።

ብዙዎቹ የኤውሮፓ ጸሐፊዎች በዚህ ቦታ ላይ ንጉሡን ብልጣ ብልጥ፥ ራምቦን የዋህ ተበዳይ አድርገው ያቀርባሉ። እኛ ግን ነገሩን በሌላ በኩል ብናየው ይሻላል። ንጉሡ በጨለንቆ ማግሥት የሚያስፈልጋቸውን መሣሪያ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ኢትዮጵያውያን ረሚንግቶንን ያወቁት በ1875 በጉንደት፥ በ1876 በጉራዕ ዐፄ ዮሐንስ የግብጽን ጦር ድል ነሥተው በማረኩት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ዐሥር ዓመት አልፎ በኤውሮፓ የተጣለ ቆብ ተኳሽ በአምስት እጥፍ ዋጋ ሲቀርብላቸው፥ ዋጋውን ዝቅ ማድረጋቸው የገዢ መብት ነው። የላባቱን ዕዳ ከሕያው ሸሪኩ ላይ መያዛቸውም በንግድ ሕግ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዕዳው ግን በትክክል ስንት እንደ ነበር የሚያረጋግጥ መዝገብ ባለመኖሩ ራምቦ የመበደል ስሜት ቢሰማው አይፈረድበትም። ይኸው ሰው፥ ከላባቱ ጥቂት ብር የሚፈልጉ ድኾች ገበሬዎች ሲመጡ፥ ቃላቸውን እያመነ ከራሱ እንደ ከፈላቸውም በዚያው ዘገባ ይገኛል።

በሜይ 1887 ከሙሴ ቦሬሊ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ በጨርጨር በኩል ሐረር ገባ። ይህ መንገድ ለኤውሮፓውያን አዲስ ነበር፤ ከታጁራው በረሃ ይልቅ ውሃና ሰብል ያለበት፥ ለንግድም የሚመች መሆኑን ሁለቱም መዘገቡ። ኋላ የባቡር ሐዲድ በዚያው አቅጣጫ መዘርጋቱን ስናስብ የመንገደኞቹ ማስታወሻ ከንቱ አልነበረም።

ክፍያውን ለማግኘት የሄደው ወደ ምጽዋ ነው። በኦገስት 1887 ከዓደን ተሻግሮ 7,500 ብር የሚያስከፍለውን ወረቀት ይዞ ምጽዋ ሲወርድ፥ የይለፍ ወረቀት ስላልያዘ የኢጣልያ ካራቢኜሪዎች ያዙት። የምጽዋው የፈረንሳይ ቆንሲል ማንነቱን ለማረጋገጥ ወደ ዓደን መጻፍ አስፈለገው። ብራናና ማኅተም ባለበት ወደብ ንጉሥ የሚያውቀው ነጋዴ በአንዲት የጎደለች ወረቀት ምክንያት እንደ ወሮበላ መቆጠሩ ለጊዜው አስቆጥቶት ይሆናል፤ ካራቢኜሪዎቹ ግን ሥራቸውን ሠርተዋል። ከዚያ ወደ ካይሮ ሲሄድ 16,000 ፍራንክ የሚያህል ወርቅ በመታጠቂያው ውስጥ ሰፍቶ ይዞ ነበር፤ ክብደቱ ስምንት ኪሎ ያህል ሆኖ ሆዱን ያሳምመው ነበር። በካይሮ ገንዘቡን በባንክ አኖረ፤ ስለ ሸዋና ስለ ሐረር ጉዞውም በአንድ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ጽሑፍ አሳተመ።

በ1888 ለዳግመኛ የመሣሪያ ንግድ ያደረገው ሙከራ በፓሪስ ሚኒስቴሮች ፈቃድና እገዳ መካከል ተንከራትቶ ቀረ። በዚያው ዓመት ከዓደኑ ነጋዴ ከሙሴ ሴዛር ቲያን ጋር ተስማምቶ በሐረር መደብር ከፈተ። ሦስት ዓመት ያህል በዚያ ሠራ። ቡና፥ ወርቅ፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይሰበስባል፤ ጨርቅ፥ ድስትና ልዩ ልዩ ዕቃ ወደ ሸዋ ይልካል። በሸዋ የሚቀበሉት የንጉሡ አማካሪ የነበሩት ስዊሳዊው ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው፤ በሁለቱ መካከል የተጻጻፉት ደብዳቤዎች ተጠብቀው ይገኛሉ። ኢልግ መቁጠሪያና የጽሕፈት ደብተር ለማይፈልግ ሕዝብ መቁጠሪያና ደብተር መላክ ምን ይባላል እያሉ ሲቀልዱበት፥ ራምቦ ደግሞ ገንዘብ ይላክልኝ እያለ ይነዘንዛል። ደጃዝማች መኰንን ያከብሩት ነበር፤ ነጋዴዎቹም ዋጋ እንደማያዛባ፥ ድኃ እንደሚረዳ፥ ምላሱ ግን መራራ እንደ ሆነ መስክረውለታል።

እዚህ ላይ ሳይነሣ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ራምቦ ባሪያ ነግዷል የሚል ክስ በ1937 በአንዲት ጸሐፊ መጽሐፍ ወጥቶ ብዙ ዘመን ሲደጋገም ኖሯል። ኋላ ሰነዶቹን እንደ ገና የመረመሩ ሰዎች ለንግድ የሚያበቃ ማስረጃ አላገኙም። ይሁን እንጂ በ1889 መጨረሻ ለኢልግ በጻፈው ደብዳቤ አንድ በቅሎና ሁለት ወንዶች ልጆች ባሮች እንዲገዙለት መጠየቁ የታወቀ ነው፤ ኢልግም ልጆቹን በሚመለከት እንዲህ ያለ ሥራ አድርጌ አላውቅም፥ ወደ ፊትም አላደርግም የሚል አሳብ ያለበት መልስ ሰጥተውታል። ነጋዴ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ንጹሕ ነበር ማለት ግን አይቻልም። ታጁራ ላይ የለመናቸው ግመሎች ይመላለሱበት የነበረው መንገድም የባሪያ መንገድ እንደ ነበር እርሱ ራሱ ጽፏል።

ከባሕረ ሰላጤው ደቡብ ዳር በእነዚሁ ዓመታት ጅቡቲ ታድግ ነበር። ላጋርድ ወደቡን ከኦቦክ የመረጡት ለመርከብ መጠጊያ፥ ወደ ሐረርም ለሚወስደው መንገድ የተመቸ ስለ ሆነ ነው፤ በ1896 ዋና ከተማ ሆነች። በታጁራ በግመል የተጀመረው የመሣሪያ ንግድ ወደዚህች አዲስ ወደብ ተዛወረ፤ ቆብ ተኳሹ ቀርቶ ውጅግራና ሌላውም ፈጣን ተኳሽ በብዛት ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት፥ እንደ ኤውሮፓ በማርች 1 ቀን 1896 በዐድዋ የተሰለፈው ሠራዊት ከያዘው ነፍጥ ብዙው በዚያ ጠረፍ የገባ ነው። የራምቦ አሮጌ ጠመንጃዎች ከዚያ ክብር ስንት እጅ እንዳላቸው ለመናገር አያስደፍርም፤ ድርሻቸው ትልቅ ነው የሚሉትን ግን አንከተልም። የባቡሩ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የግመሉ ዘመን አበቃ።

ራምቦ ይህን አላየም። በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ፤ ሕመሙ እየጸና ሄዶ መቆም ስለ ከለከለው በአልጋ ላይ ተኝቶ በመስኮት የቡናውን ሚዛን ይቆጣጠር ነበር። ሐኪም በሐረር አልነበረም። ዕቃውን በርካሽ አስወግዶ፥ በራሱ ንድፍ ቃሬዛ አሠርቶ፥ ዐሥራ ስድስት ተሸካሚዎች ቀጥሮ በኤፕሪል 7 ቀን ወደ ዘይላ ተነሣ። ግመሎቹ ከነድንኳኑ ወደ ኋላ ቀርተው ዝናብ ሜዳ ላይ አሳደረው፤ ተሸካሚዎቹ ቢጥሉት በደመወዛቸው ቀጣቸው። በዐሥራ ሁለት ቀን ያህል የተጓዘበትን መንገድ፥ የተነሣበትንና ያረፈበትን ሰዓት ጭምር በትንሽ ወረቀት ላይ መዝግቦ ይዟል። ያ ወረቀት ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቅኔዎች ጋር በአንድ መጽሐፍ ታትሞ ሲገኝ አንባቢ ይደነግጣል፤ አንዲት የቅሬታ ቃል የለበትም።

በዓደን የእንግሊዝ ሐኪሞች አይተው ወደ አገሩ እንዲሄድ መከሩት። ከቲያን ጋር ሒሳቡን ዘግቶ ከ37,000 ፍራንክ በላይ የሆነ የባንክ ወረቀት ተቀበለ፤ ይህ የዐሥራ አንድ ዓመት ትርፉ ነው። በሜይ 20 ቀን ማርሴይ ገብቶ በሰባተኛው ቀን ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። በክረምቱ ወደ እናቱ እርሻ ሄዶ ጥቂት ሰነበተ፤ ሊቋቋመው አልቻለም። ሐረር፥ ሐረር እያለ ከእኅቱ ከኢዛቤል ጋር ወደ ማርሴይ ተመለሰ፤ ነቀርሳው ግን ወደ ሰውነቱ ተሰራጭቶ ነበር። በኖቬምበር 9 ቀን ለመርከብ ኩባንያ የሚላክ ደብዳቤ ለእኅቱ አጻፈ፤ በውስጡም የዝሆን ጥርስ ይቆጥራል፥ ወደ መርከቡ በስንት ሰዓት እንደሚወስዱት ይጠይቃል። በማግሥቱ በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ሞተ።

ዛሬ በሐረር የራምቦ ቤት እየተባለ ለጎብኝዎች የሚታየው ያማረ የእንጨት ሰገነት ያለው ሕንፃ እርሱ ከሞተ በኋላ አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ራምቦ አልኖረበትም።

ከመሞቱ በፊት ከሀብቱ 3,000 ፍራንክ በሐረር ለነበረው ታማኝ አገልጋዩ ለጃሚ እንዲሰጥ ለእኅቱ ነግሯት ነበር። እርስዋም ገንዘቡን በቆንሲሎችና በካቶሊክ ሚሲዮን በኩል ላከች። በ1895 ገንዘቡ ሐረር ሲደርስ ጃሚ ሞቶ ስለ ነበር ለወራሾቹ ተከፈለ።